«አማት» እና የልብስ ማስጫው ገመድ

ጥርስ ሠሪው የሰው አፍ አይነካም። የሚነካው ሐኪሙ ነው። ሐኪሙ በለስላሳ ሊጥ የታካሚውን ድድ ቅርጽ ወስዶ ልኩን በሳጥን ይልካል፤ ጥርስ ሠሪው ልኩ ላይ ጄሶ አፍስሶ መንጋጋውን ያወጣል። የቀረው ሥራ ሰም፣ ትንሽ ቢላ፣ የጋዝ ነበልባልና ትዕግሥት ነው። ታካሚዎቹን በመልክ አያውቃቸውም። መንገድ ላይ ሰው ሲስቅ ካየ ግን ቆም ብሎ አፉን ያያል። ሚስቱ በዚህ ታፍራለች።

«ሰው ላይ እንዲህ ስታፈጥ ጠብ የፈለግህ ነው የሚመስለው» ትለዋለች።

«የላይኛው የእኔ ሥራ ነው» ይላታል።

የሚሠራው ከክሊኒኩ ሥር፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ነው። ሰም እስኪቀዘቅዝ ሌላ ሥራ ስለሌለ አንድ አሮጌ ሬዲዮ መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ ነበር። አንድ ቀን ጣቢያ ሲፈልግ ሁለት ሰዎች ስለ ቲማቲም ችግኝ ሲያወሩ ሰማ። ዜና አይደለም፣ ድራማም አይደለም። አንደኛው «ቅጠሉ ቢጫ ሆነብኝ» ይላል፤ ሌላኛው «ውኃ አብዝተህበት ነው» ይላል። ጥርስ ሠሪው ሰሙ ከቀዘቀዘ በኋላም ቁጭ ብሎ አዳመጠ። ጠያይቆ ሲደርስበት አማተር ሬዲዮኞች ናቸው፤ ፈቃድ አውጥተው፣ አንቴና ተክለው፣ ለደስታቸው ብቻ በአየር ላይ የሚያወሩ ሰዎች። እሱም የፈቃዱን ፈተና ወስዶ አለፈ። ቲማቲም የተከለውንም ሰው አገኘው፤ ዳቦ ጋጋሪ ነበር።

ማኅበራቸው የተመሠረተው በዳቦ ቤቱ ጓሮ፣ በዱቄት ከረጢቶች ላይ ተቀምጠው ነው። ዘጠኝ ነበሩ። ሊቀመንበር የሆኑት ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ነገር ሁሉ ቀስ ብሎ ይሁን ስለሚሉ ቅጽል ስማቸው «ፍሬን» ነው። የማኅበሩን ስም ያወጣው ከአባላቱ አንዱ፣ የሂሳብ መምህሩ ነበር። «አማተር ማሰራጫዎች ትብብር» አለ። ሁሉም እጃቸውን አወጡ። ችግሩ የመጣው ከማኅተም ቀራጩ ነው። ክቡ ማኅተም ላይ ሙሉ ስሙ አልገባ ሲለው፣ ማንንም ሳይጠይቅ በመጀመሪያ ፊደላት አሳጥሮ መሃል ላይ ቀረጸው። ሊቀመንበሩ ማኅተሙን ወረቀት ላይ አሳርፈው ሲያነሱት «አማት» ይላል።

ዳቦ ጋጋሪው እስኪያነባ ሳቀ። ከሁሉ የበለጠ የሳቀው ግን ጥርስ ሠሪው ነው። ሳቁን ሳይጨርስ የማኅበሩ የአንቴና ምሰሶ የሚተከለው የት እንደሆነ ትዝ አለው።

ምሰሶው የሚተከለው በአማቱ ጣሪያ ላይ ነበር።

ቤቱ ከፍታ ላይ ነው፤ ከጠፍጣፋው ጣሪያ ሆኖ ከተማው ከዳር እስከ ዳር ይታያል። ከዘጠኙ አባላት ቤት መካከል ድምፅ ሁሉም ጋ የሚደርሰው ከእሱ ብቻ ነው። ጥርስ ሠሪውና ሚስቱ የሚኖሩት ከወላጆቿ ጋር ነበር። ያኔ የሚስቱ አባት በሕይወት ስለነበሩ «ትከሉት፣ ምን ቸገረኝ» አሉ። ተተከለ። ሰውየው ካረፉ ወዲህ ቤቱ የአማቱ ነው።

አማቱ ዕድሜያቸውን በሙሉ የሠሩት በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ነው፤ ጡረታ ሲወጡ ኃላፊ ነበሩ። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ትልቅ ነው። ብዙ ማሽን በሚጮኽበት ክፍል የኖረ ሰው ሹክሹክታ አያውቅም።

ስሙ መቀየር ነበረበት፤ አልተቀየረም። ማኅተሙ ተቀርጿል። ደግሞም «አማት» በአየር ላይ ወዲያው ታወቀ። በሬዲዮኞች ዘንድ እንዲህ ያለ ስም ብርቅ አይደለም። ከወንዙ ማዶ ያሉት «ወዳጆች ሬዲዮ» ናቸው፤ ሲያጥር «ወሬ»። የጡረተኞቹ ማኅበር «ድምፅ ካሉበት ምድብ» ስለሆነ «ድካም» ይባላል፤ በስብሰባቸው ላይ «ድካም ነን» ብለው ራሳቸውን ሲያስተዋውቁ ማንም አይስቅም። በሳተላይት የሚገናኙት «ሳተላይት ቅብብሎሽ» ናቸው፤ «ሳቅ»። ከሁሉም ጋር የሚፎካከሩት ደግሞ «ሬዲዮ» ማለት ስህተት ነው፣ «ራዲዮ» ነው የሚባለው ብለው የሚከራከሩት «ጉልህ ራዲዮ» ናቸው። ሲያጥር «ጉራ»። ስሙን ተገቢ ነው የማይል ሰው አልተገኘም።

ለሰባት ዓመት እንዲህ ቆየ። ከዚያ የሞገድ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት አዲስ ደንብ አወጣ። ማንኛውም የማኅበር ምሰሶ በተቆጣጣሪ ይታያል፤ የቤቱ ባለቤት ምሰሶው እንዲቆይ መፍቀዱን ለተቆጣጣሪው በአካል፣ በራሱ አንደበት ይናገራል። ካልፈቀደ ምሰሶው ይነሳል፤ ምሰሶ የሌለው ማኅበር ደግሞ ፈቃዱ አይታደስም። ተቆጣጣሪው ረቡዕ እንደሚመጣ ተነገራቸው።

ጥርስ ሠሪው እራት ላይ ነገሩን አነሳ።

«እማማ፣ ረቡዕ አንድ ሰው ይመጣል። ስለ ምሰሶው ነው። ይቆይ ወይስ ይነሳ ብሎ ይጠይቅዎታል።»

«ሲመጣ እነግረዋለኋ» አሉ አማቱ።

«ምን ይሉታል?»

«የጠየቀኝ እሱ ነው ወይስ አንተ?»



ቅዳሜ ዕለት ማኅበሩ በዳቦ ቤቱ ጓሮ ተሰበሰበ። ጥርስ ሠሪው የሆነውን ነገራቸው። ሁሉም ሴትዮዋ የተቀየሙት በማኅበሩ ስም ነው ብለው ደመደሙ።

«ሰምተው ነዋ» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «ማን ነው በቤቱ ጣሪያ ላይ እየተቀለደበት ዝም የሚል?»

«እስከ ረቡዕ ስሙን እንቀይር» አለ መምህሩ። «ከእንግዲህ ግን መጀመሪያ እናሳጥረዋለን፣ ከዚያ እናጸድቀዋለን። ጥምር ሬዲዮ።»

«ጥሬ?» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «ዳቦ ጋጋሪ ነኝ እኮ፤ ጥሬ በሚባል ማኅበር ውስጥ ስሜ ቢገኝ ደንበኛ ይቀረኛል።»

«ፍጹም ሬዲዮ።»

«ፍሬ። እሱ ጥሩ ነው» አለ አንዱ።

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔን ፍሬን ትላላችሁ። ማኅበሩ ፍሬ ሲባል ሽማግሌው በራሱ ስም ሰየመው አይሉም? ቀስ ብለን እናስብበት።»

«አማተር ሬዲዮ ማኅበር። አሬማ።»

«እሱ የሳል ሽሮፕ ስም ይመስላል።»

ሳይስማሙ ተበተኑ። ሊቀመንበሩ ጥርስ ሠሪውን ወደ ጎን ወስደው «እስከዚያው ሴትዮዋን ደስ የሚያሰኝ ነገር ፈልግ» አሉት።

እሱ የሚያውቀው ደስታ አንድ ዓይነት ነው። የአማቱን ጥርስ የሠራው ራሱ ነበር፤ የታችኛው ከረጅም ጊዜ አገልግሎት በኋላ ላልቶ ሲናገሩ ጠቅ ጠቅ ይል ጀምሯል። ሐኪሙ ቀደም ብሎ አዲስ ልክ ወስዶላቸዋል። እሑድ ከሰዓት በኋላ የአማቱን የጄሶ መንጋጋ ቤት አምጥቶ ሬዲዮው ጠረጴዛ ላይ ይዞ ተቀመጠ። በአንድ እጁ ጄሶውን ያገላብጣል፤ በሌላው ማይኩን ይዞ ከአባላቱ ጋር ያወራል። እሑድ ከሰዓት የማኅበሩ የጥሪ ሰዓት ነው፤ ሁሉም በየቤቱ መሣሪያውን ከፍቶ ይጠብቃል።

ሬዲዮ ክፍሉ ጠባብ ነው። የመሣሪያው ኃይል ሰጪ ስለሚሞቅ በቤቱ ውስጥ ከሁሉ የሚደርቀው ክፍል እሱ ነው፤ በዚህ ምክንያት አማቱ የታጠበ ልብስ የሚዘረጉት እዚያ ነበር። በወንበር ጀርባ፣ በመደርደሪያ ጫፍ፣ በበሩ ላይ። ጥርስ ሠሪው ለሰባት ዓመት ከአንሶላ ሥር ተቀምጦ ሲያወራ ለምን እንደሆነ አልጠየቀም።

«ሳሙና አልቋል» አሉ አማቱ ብቅ ብለው።

በሌላ ቀን ቢሆን «እሺ፣ ቆይ» ይል ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ቆይ የሚባል ነገር የለም። ከተቀመጠበት ተስፈንጥሮ ተነሳ፤ ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አጋደመ፤ በእጁ የነበረውን የጄሶ መንጋጋ ማይኩ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

የማይኩ መናገሪያ ቁልፍ በጎኑ ነው። ቁልፉ ሲጫን መሣሪያው ያስተላልፋል፤ በሚያስተላልፍበት ጊዜ ደግሞ የሌላውን ድምፅ አይቀበልም። በአንድ ሞገድ ላይ አንዱ ቁልፉን ይዞ ከቆየ ሌላው ሊያቋርጠው አይችልም። ዘጠኙም ይህን ያውቃሉ፤ ለፈተናው ያጠኑት የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው ያለው። ጄሶው ቁልፉ ላይ ነበር ያረፈው።

አባላቱ መጀመሪያ የሰሙት የአንሶላ መራገፍ ነው።

«እስቲ ይቺን አሽትቻት» አሉ አማቱ።

«ደህና ናት እማዬ» አለች የጥርስ ሠሪው ሚስት።

«ይሄ ደህና ከሆነማ ጓዳ ውስጥ የበሰበሰ ድንች ሽቶ ነው። በዚያ ጥግ ያዥው። አጥብቂ!»

ሊቀመንበሩ ስልካቸውን አነሱና ደወሉ። በሬዲዮው ውስጥ፣ ከሩቅ፣ የጥርስ ሠሪው ስልክ ወጥ ቤት ሲጮኽ ሰሙት።

«ስልኩ ይጠራል» አለች ልጃቸው።

«ተዪው። ያው የሬዲዮዎቹ ናቸው።»

ሊቀመንበሩ ስልኩን ዘጉ። ከአባላቱ ቅርብ የሆነው ዳቦ ጋጋሪው ነበር፤ ብስክሌቱን አውጥቶ ሽቅብ መግፋት ጀመረ። የቀሩት መሣሪያቸውን ማጥፋት ይችሉ ነበር። መምህሩ በኋላ «ማጥፋቱ ተገቢ ነበር» ብሏል። አላጠፋም። ማንም አላጠፋም።

«ረቡዕ ሰውየው ሲመጣ ምን ልትይው ነው?» አለች ልጅቱ።

«ይነሳ እለዋለሁ።»

«እማዬ!»

«ምን እማዬ ትያለሽ?»

«ስሙ አስቀይሞሽ ከሆነ እኮ ሊቀይሩት ነው አሉ።»

«የምን ስም? አማት? ግድግዳው ወረቀት ነው፤ ማታ ማታ ‹አማት፣ አማት፣ ይሰማል?› ሲል ደንቆሮ ነኝ እንዴ የማልሰማው? የመጀመሪያ ቀንማ የጠራኝ መስሎኝ ‹አቤት› ብዬ ወጥቻለሁ። ይባሉ! ከዚህ የባሰም አለ፤ ሌሎቹን ጉራ አይደል የሚሏቸው?»

«ታዲያ ምንድነው?»

አንሶላው ታጠፈ። ሌላ አንሶላ ተራገፈ።

«ገመዴ» አሉ አማቱ። «ምሰሶውን የተከሉ ቀን ጣሪያው ላይ ገመድ ነበረኝ። ከውኃ ታንከሩ እስከ ጭስ ማውጫው። ፀሐይ ከጧት እስከ ማታ የሚያገኘው እዚያ ነው። ‹ለዛሬ ብቻ ነው እማማ› ብለው ፈቱት። በገመዴ አንቴናቸውን ጠፍረው አወጡበት። ዘጠኝ ወንድ ጣሪያዬ ላይ ወጥቶ ሲወርድ አንዱ እንኳ መልሶ አላሰረም። ይኸው ሰባት ዓመቴ፣ የሆስፒታል አንሶላ ሳነጣ የኖርኩ ሴት፣ የራሴን አንሶላ በወንበር ላይ አደርቃለሁ።»

«ለምን አልነገርሽውም?»

«ገመዱ ላይ ልብስ ነበር እኮ ሲፈቱት! ልብሱን አንስቼ ገመዱን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ እያዩ። ይሄ ይነገራል?»



«እሱ ክፉ ሰው አይደለም» አለች ልጅቱ።

«ማን ክፉ አለው? ጥርስ ይሠራል እንጂ አፍ የለውም። እንደነዚያ ቢሆንልሽ ይሻል ነበር? ያ ሹፌሩ አንዲት ነገር ለመናገር በየፌርማታው ይቆማል። አስተማሪው ራሱ ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል፣ ራሱ ጎበዝ ይላል። ዳቦ ጋጋሪው ብቻ ነው ሰው የሚመስለው። የእሱም ዳቦ ጨው የለውም።»

ዳቦ ጋጋሪው ይህን አልሰማም። በዚያች ሰዓት በሩን እየደበደበ ነበር። ልጅቱ ስትከፍትለት ሰላምታ ሳይሰጥ በአጠገቧ አልፎ ገባና ጄሶውን ከማይኩ ላይ አነሳ። ትንፋሹ ተቆራርጧል።

አማቱ አዩት። «ምን ሆነሃል? በእጅህ ያለው የእኔ ጥርስ አይደለም እንዴ?»

ዳቦ ጋጋሪው መልስ ከማግኘቱ በፊት ሬዲዮው ተናገረ። ድምፁ ከ«አማት» አባላት የአንዳቸውም አልነበረም።

«ጉራ ለአማት፣ ጉራ ለአማት። እባካችሁ የሴትዮዋን ገመድ እሰሩላቸው። ጨርሻለሁ።»

ዳቦ ጋጋሪው በጥድፊያ መሣሪያውን አጠፋ። አማቱ የተባለውን ልብ አላሉትም፤ ስለ ጥርሳቸው እየጠየቁ ነበር።

ጥርስ ሠሪው ሳሙናውን ይዞ ሲመለስ ዳቦ ጋጋሪው ግቢ በር ላይ ጠበቀው። ሁሉንም ነገረው። ከእራት በፊት በስልክ የተደረገው ክርክር ረጅም ነበር። መምህሩ ገመዱ ይታሰር፣ እንደሰማን ግን አይነገር አለ፤ በራሳችን አስታወስን እንበል። ሊቀመንበሩ በዚህ ተስማሙ። ጥርስ ሠሪው አልተስማማም።

«ሰባት ዓመት ያላስታወስን ሰዎች በረቡዕ ዋዜማ አስታወስን ብንል ማን ያምነናል?» አለ። «ደግሞ ከተማው በሙሉ ሰምቷል። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት እኔ እነግራቸዋለሁ። ይነሳ ካሉም ይነሳ።»

እራት ላይ ነገራቸው። ሚስቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እማማ፣ ዛሬ ልብስ ሲያጥፉ የተናገሩትን ሰምተውታል።»

«ማን?»

«ሁሉም። እኔ ነኝ ጥፋተኛው፤ ማይኩ ላይ ጄሶ አስቀመጥኩበት።»

አማቱ ያላመጡትን ዋጡ።

«የሹፌሩንም?»

«እሱንም።»

«የጨዉንም?»

«የጨዉንም፤ ለዳቦ ጋጋሪው ነግረውታል።»

«ደግ» አሉ፤ ሳህናቸውን አነሱና ተነሱ። 

ማክሰኞ ዘጠኙም ጣሪያው ላይ ነበሩ። ገመድ ማሰር የአንድ ሰው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሬዲዮኞች ሲያስሩት ግን ቀኑን ሙሉ ፈጀ። መምህሩ እርጥብ አንሶላ ገመዱን ምን ያህል እንደሚያጎብጠው አሰላ። ሊቀመንበሩ ገመዱን እንደልብ የሚያስኬዱ ሁለት መዘውሮች ከአሮጌ ጋራዥ ይዘው መጡ። አንቴና ለመወጠር የሚያገለግለው መወጠሪያ ብሎን ለገመዱ ዋለ። አማቱ በደረጃው አፍ ላይ ቆመው ያዩ ነበር።

«ዝቅ አድርጉት! ቀጭኔ ነኝ እንዴ?»

ዝቅ አደረጉት።

«አንድ ብቻ ነው? አንሶላና ካልሲ አብሮ ሊሰጣ ነው?»

ሁለተኛ ገመድ ዘረጉ። ጭስ ማውጫው ለሁለት ገመድ ስላልጠነከረ የገመዶቹ አንድ ጫፍ ከምሰሶው ጋር መታሰር ነበረበት። መምህሩ እርጥብ ልብስ ለምሰሶው ቢጠጋ ሞገዱን ያዳክመዋል ለማለት አፉን ከፈተ። ሊቀመንበሩ አዩት። አፉን ዘጋ።

ተቆጣጣሪው ረቡዕ ጧት መጣ። ወፍራም፣ መነጽር ያደረገ፣ ደረጃ የማይወድ ሰው ነበር። ጣሪያው ላይ ሲደርስ ምሰሶውን ማየት አልቻለም፤ አማቱ ጎህ ሲቀድ ተነስተው በቤቱ ያለውን አንሶላ ሁሉ አጥበው ሰጥተዋል። በእጁ እየገለጠ በመሃል አለፈ። ከወዲያ ማዶ ሲወጣ መነጽሩ ላይ ውኃ ነበር።

«የቤቱ ባለቤት እርስዎ ነዎት እማማ?»

«እኔ ነኝ።»

«ይህ ምሰሶ የማን ነው?»

«የእኔ ነው። ልብስ ማስጫ ነው።»

ተቆጣጣሪው ቀና ብሎ ከምሰሶው አናት ላይ የተዘረጋውን አንቴና አየ። «ከላይ ያለውስ?»

«እሱ የነሱ ነው። ተጠግተውኝ ነው» አሉ አማቱ።

ጥርስ ሠሪው ከውኃ ታንከሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ሊቀመንበሩ፣ ዳቦ ጋጋሪውና የቀሩት አባላት ከኋላው። 

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መጻፍ የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነው» አለ ተቆጣጣሪው። «ይቆይ ነው ወይስ ይነሳ?»

አማቱ አንድ አንሶላ በሁለት ጣታቸው ይዘው አሸተቱ። ጊዜ ወሰደባቸው።

«ይቆይ» አሉ። «ግን ቅዳሜ የአንሶላ ቀኔ ነው። ቅዳሜ ማንም እዚህ አይወጣም። እሱን ጻፍልኝ።»

«ይህ የሚጻፍበት ቦታ የለውም፣ እናቴ።»

«እንግዲያው እነሱ ሰምተዋል።»

ተቆጣጣሪው ጻፈ። «የማኅበሩ ስም?»

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስም ይቀየር የተባለው ጉዳይ አልተቋጨም። «ስሙን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ሲመሠረት…» ብለው ጀመሩ።

«አማት ይባላል» አሉ አማቱ።

ተቆጣጣሪው ብዕሩን አቆመ። ሴትዮዋን አየ፤ ዘጠኙን አየ። «ለምን?»

«ማኅተም ቀራጩ ነው ይላሉ። ጻፈው፤ ሌላው ከዚህ የባሰ ነው።»

ተጻፈ። ፈቃዱ ታደሰ። ጥርስ ሠሪው የአማቱን አዲስ የታችኛ ጥርስ በሳምንቱ ጨረሰ፤ ጠቅ ጠቅ ማለቱ ቆመ። የጄሶ መንጋጋውን ሌሎቹ መንጋጋዎች ባሉበት በክሊኒኩ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ሬዲዮ ክፍሉ ውስጥ ከዚያ ወዲህ ጄሶ አይገባም። ዳቦ ጋጋሪው ሊጡ ላይ ጨው ጨመረ፤ ደንበኞች ጠየቁት፣ ምክንያቱን አልነገራቸውም።

መምህሩ ሊናገር የነበረው ነገር ትክክል ሆኖ ተገኘ። ቅዳሜ ጧት አንሶላው እርጥብ ሳለ የ«አማት» ድምፅ ይደክማል፤ ወንዙን አይሻገርም። ምሰሶውን ከፍ ለማድረግ ወይም ገመዱን ለማራቅ ሐሳብ ያቀረበ አባል የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከ«ጉራ» አንዱ መሣሪያውን ይከፍትና ይጠራል።

«ጉራ ለአማት። ድምፃችሁ በደንብ አይሰማም። አንሶላ ነው?»

«አንሶላ ነው» ይላል ጥርስ ሠሪው።

«እሺ። ሲደርቅ እንገናኝ።»